ባዶውን የሚመለሰው አይሱዙ፦ የአረንጓዴ ትራንስፖርት ዕቅዳችን ከዓባይ በረሃ ሲታይ

ደጀንን ለቅቃችሁ ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ስትጀምሩ መጀመሪያ የሚለወጠው አየሩ ነው። የደጋው ብርድ ይቀራል፣ ጆሮ ይደፈናል፣ ጃኬት ይወልቃል። ከፊታችሁ ሙሉ ጭነት የያዘ አይሱዙ ካለ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል፤ የጋለ ፍሬን ሽታ።

እኔ ይህን ሽታ ያወቅኩት አጎቴ በሚነዱት አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ነው። ተማሪ ሳለሁ ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ስመላለስ ለአውቶቡስ እንዳልከፍል ብለው ከጤፉ ጋር ይዘውኝ ይሄዱ ነበር። ጤፉን እህል በረንዳ ያራግፋሉ፤ ከዚያ ደላላ ይጠብቃሉ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን። ወደ ጎጃም የሚሄድ ጭነት ከተገኘ ጥሩ፤ ካልተገኘ የመኝታውና የምግቡ ወጪ ሳይበዛ ባዶውን መመለስ ነው። ባዶ አይሱዙ በዚያ ዳገት ላይ እንዴት እንደሚንኳኳ አንዴ የሰማ ሰው አይረሳውም።

ዓመታት አለፉና ለድኅረ ምረቃ ጥናቴ ርዕስ መረጥኩ። ለተራራማ መንገድ የሚሆን የኤሌክትሪክ ጭነት መኪና፣ የባትሪው መጠን ስንት መሆን አለበት የሚል ነበር። ኮርቼበት ለአጎቴ ነገርኳቸው። “ጋሼ፣ ናፍጣ የማይጠጣ መኪና ቢመጣልዎትስ?”

“እሱስ ደግ ነበር” አሉኝ። “ግን ስመለስ ምን እጭናለሁ?”

ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ያንን ጥያቄ በቶሎ መመለስ ስላቃተኝ ነው። የምተቸው የአገራችንን የአረንጓዴ ትራንስፖርት አስተሳሰብ ነው፤ ራሴንም ጨምሬ።

ዕቅዱ ምን አለ?

ኢትዮጵያ “ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ” የሚለውን ስትራቴጂዋን ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ሰነዱ ደፋር ነበር። በ2010 (እ.ኤ.አ.) የአገሪቱ ጠቅላላ የበካይ ጋዝ ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ እንደነበር አስልቶ፣ በተለመደው መንገድ ከቀጠልን በ2030 ወደ 400 ሚሊዮን ቶን እንደሚደርስ ተነበየ። ከዚያም “የለም፣ እያደግንም ቢሆን 150 ላይ እናቆመዋለን” አለ። የትራንስፖርቱ ድርሻ ትንሽ ነበር፤ 5 ሚሊዮን ቶን ያህል። ነገር ግን ዝም ከተባለ በ2030 ወደ 41 ሚሊዮን ቶን ያድጋል ተባለ። ከስምንት እጥፍ በላይ ማለት ነው።

መፍትሔዎቹስ? ትልቁ ተስፋ የተጣለው በኤሌክትሪክ ባቡር ላይ ነው። ከእሱ ቀጥሎ የነዳጅ ቁጠባ ደረጃ ማውጣት፣ ኤታኖልና ባዮዲዝል መቀላቀል፣ የኤሌክትሪክና የሃይብሪድ መኪና ማስፋፋት፣ እንዲሁም የአዲስ አበባ የሕዝብ ትራንስፖርት ናቸው።

ባቡሩ ለአንዱ አቅጣጫ መጥቷል። 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ መስመር መስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎቱን በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ጀመረ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቁ። በዓለም ላይ ይህን ያህል የቆረጠ አገር አልነበረም።

ለዕቅዱ አንድ ነገር ሳልሰስት ልስጠው። ኤሌክትሪክን መምረጡ ትክክል ነው። ከሰል አቃጥሎ መብራት በሚያመነጭ አገር የኤሌክትሪክ መኪና ጭሱን ከጎዳና ወደ ኃይል ማመንጫው ማዛወር ሊሆን ይችላል። የእኛ መብራት ግን ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? የመፍትሔዎቹን ዝርዝር እንደገና እዩት። ሁሉም የሚናገረው ስለ ተሽከርካሪው ነው፤ ምን ዓይነት ሞተር፣ ምን ዓይነት ነዳጅ፣ ምን ዓይነት ሐዲድ። ጭነቱ እንዴት ይደራጃል፣ መቼ ይንቀሳቀሳል፣ መኪናው ሲመለስ ምን ይይዛል የሚለው ከዋናዎቹ እርምጃዎች መካከል የለም። ጎጃም ደግሞ ዛሬም ባቡር የለውም። ጤፉም፣ በቆሎውም፣ ድንቹም ዓባይን የሚሻገረው በመኪና ነው።

ገደሉ በቁጥር

እስቲ አብረን እናስላ። የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ይበቃናል።

ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መሐል ላይ በጃፓን ድጋፍ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው፣ 303 ሜትር ርዝመት ያለው የሕዳሴ ድልድይ አለ። ከሁለቱም ወገን ከደጋው ጫፍ እስከ ድልድዩ ያለው የከፍታ ልዩነት ወደ 1,400 ሜትር ይጠጋል።

80 ኩንታል የጫነ አይሱዙ ኤፍኤስአር ውሰዱ። ጭነቱ 8 ቶን፣ መኪናው ራሱ 6 ቶን እንበል፤ ድምሩ 14 ቶን። ይህን ክብደት 1,400 ሜትር ወደ ላይ ለማንሳት የሚያስፈልገው ጉልበት ክብደቱ በስበት ፍጥነት በከፍታ ሲባዛ ነው፦ 14,000 × 9.8 × 1,400። ውጤቱ 192 ሚሊዮን ጁል፣ በመብራት ቆጣሪ ቋንቋ 53 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል።

አንድ ሊትር ናፍጣ 36 ሚሊዮን ጁል ያህል ይዟል። ጥሩ የናፍጣ ሞተር ከዚህ ወደ ሥራ የሚለውጠው ከመቶ 40 ያህሉን ነው፤ ሌላው በጭስ ማውጫውና በራዲያተሩ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ከፍታውን ለመውጣት ብቻ፣ የጎማውን ሰበቃና የአየሩን ግፊት ሳንቆጥር፣ 13 ሊትር ናፍጣ ይነዳል። እያንዳንዱ ሊትር ሲነድ 2.7 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያወጣ፣ 35 ኪሎ ግራም ጋዝ ለአንድ ዳገት ማለት ነው።

ቁልቁለቱስ? ከደጀን ሲወርድ ያው 53 ኪሎዋት ሰዓት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ወደ ፍሬንና ወደ ሞተር ይሄዳል፣ ሙቀት ይሆናል፣ ይባክናል። ምን ያህል ሙቀት? ደብረ ማርቆስ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ያ ሙቀት ሳይባክን ቢሰበሰብ ከ600 ሊትር በላይ ውሃ ያፈላል። የፍሬኑ ሽታ ከየት እንደመጣ አሁን ገባችሁ?

የኤሌክትሪክ መኪና እዚህ ላይ እውነተኛ ብልጫ አለው። ሲወርድ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ይለወጥና ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ከ53ቱ ከመቶ 60 ያህሉን ቢያስቀር 32 ኪሎዋት ሰዓት ይተርፈዋል። ከዚያ ጎሐ ጽዮን ለመውጣት፣ የራሱን ብክነት ጨምረን፣ 62 ገደማ ያስፈልገዋል። የዳገቱን ግማሽ ያህል ቁልቁለቱ ከፈለለት ማለት ነው።

ይህ ሕልም አይደለም። ከስዊድኗ ኪሩና የብረት ማዕድን ጭነው ወደ ኖርዌዩ የናርቪክ ወደብ የሚወርዱት ባቡሮች በቁልቁለቱ የሚያመነጩትን ኤሌክትሪክ ወደ መስመሩ ይመልሳሉ። ባዶዎቹ ባቡሮች ወደ ላይ ሲመለሱ ከዚያ ይጠቀማሉ። ግን ልብ በሉ፤ እዚያ ጭነቱ ወደ ባሕር ወርዶ ይቀራል። የእኛ ጤፍ ግን ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ያንኑ ያህል እንደገና መውጣት አለበት።

ዕቅድ የሚያወጡ ሰዎች ይህን ጂኦግራፊ ካላነበቡት ጥሩው ቴክኖሎጂም ይበላሻል። አንድ ምሳሌ ብቻ ልስጣችሁ። የባትሪ መሙያ ጣቢያ የት ይተከል? ደጀን ከተማ ውስጥ፣ ከቁልቁለቱ በፊት መትከል ለብዙ ሰው ተገቢ ይመስላል። እዚያ ባትሪውን ጢም አድርጎ ሞልቶ የሚወርድ መኪና ግን ከቁልቁለቱ የሚያገኘውን ኤሌክትሪክ የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ተመልሶ ፍሬን ሊያግል ነው! ለአዲስ አበባ ተጓዥ የመሙያው ቦታ ወይ ቀደም ብሎ ደብረ ማርቆስ፣ ወይ ከዳገቱ በኋላ ጎሐ ጽዮን ነው። ደጀንማ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ዳገቱን ለጨረሰ ነው የሚሆነው። ባትሪው ራሱም ክብደት አለው። 200 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከአንድ ቶን በላይ ሊመዝን ይችላል። ያ ማለት ከጤፉ አሥር ኩንታልና ከዚያ በላይ ቦታ ለቀቀ ማለት ነው።

የአጎቴ ጥያቄ

አሁን ወደ ባዶው መኪና እንመለስ። ባዶ አይሱዙም 6 ቶን ይመዝናል። ዳገቱን ለመውጣት 23 ኪሎዋት ሰዓት፣ በናፍጣ 6 ሊትር ገደማ ይፈልጋል። ምንም ላለመውሰድ 6 ሊትር!

የጉዞውን ሙሉ ሒሳብ ደግሞ እንየው። ለስሌት እንዲመቸን መኪናው ሲጫን በ100 ኪሎ ሜትር 28 ሊትር፣ ባዶ ሲሆን 20 ሊትር ይፈጃል እንበል። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ነው።

ጭኖ ሄዶ ባዶ ቢመለስ፦ 84 ሲደመር 60፣ በድምሩ 144 ሊትር። ያደረሰው 80 ኩንታል። ለእያንዳንዱ ኩንታል 1.8 ሊትር።

ጭኖ ሄዶ ጭኖ ቢመለስ፦ 84 ሲደመር 84፣ በድምሩ 168 ሊትር። ያደረሰው 160 ኩንታል። ለእያንዳንዱ ኩንታል 1.05 ሊትር።

የአንድ ኩንታል ናፍጣ ከ40 በመቶ በላይ ቀነሰ። ሞተር አልተቀየረም፤ አንድ ዶላር አልወጣም። የተቀየረው የስልክ ጥሪና ቀጠሮ ነው።

“የኤሌክትሪክ መኪና ከመጣ እኮ ጭስ የለም፤ ባዶ ቢመለስ ማንን ይጎዳል?” ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔም ለራሴ እንዲህ ነበር የምመልሰው። ግን አስቡት። ግማሽ መንገዱን ባዶ የሚሄድ መኪና የአንድን መኪና ሥራ ለሁለት ያስከፍለናል። ሁለት ባትሪ፣ ሁለት እጥፍ የውጭ ምንዛሪ፣ ሁለት እጥፍ ጎማ፣ በዓባይ በረሃ በሚንሸራተተው አፈር ላይ ደግሞ ለመንገዱ ተጨማሪ ጫና። ባትሪውን ለመሥራትም ማዕድን ይቆፈራል፣ ፋብሪካ ይነዳል። የባዶውን መንገድ ዋጋ የሚከፍለውም ሌላ ሰው አይደለም። ሹፌሩ የመመለሻውን ናፍጣ ከመሄጃው ኪራይ ላይ ያካክሳል፣ ነጋዴው ከጤፉ መግዣ ላይ ይቀንሳል፣ ጎዛምን ወይ አዋበል ያለው ገበሬ ያነሰ ይቀበላል፣ አዲስ አበባ እንጀራ የሚገዛው ደግሞ የበለጠ ይከፍላል።

ነገሩ የወቅት ጉዳይ ነው

“እንግዲያው ሹፌሮቹ ለምን ጭነት አይፈልጉም?” የሚል ካለ፣ አጎቴ እህል በረንዳ ያደሩባቸውን ሌሊቶች ያስብ። ጥፋቱ የስንፍና አይደለም፤ የወቅት ነው።

የጎጃም እህል የሚወቃው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ገበሬው ግብርም ብድርም ስላለበት ብዙውን ወዲያው ይሸጣል። ስለዚህ በዚያ ሰሞን መኪና ሁሉ ወደ ላይ ባዶ መጥቶ ሙሉ ይወርዳል። ማዳበሪያ ደግሞ ከውጭ በጅቡቲ ወደብ ገብቶ ለመኸር እርሻ ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ባለው ጊዜ ወደ ወረዳዎች ይጓጓዛል። በዚያ ሰሞን መኪናው ሙሉ መጥቶ ባዶ ይወርዳል። ሁለት ትልልቅ ጭነቶች በተቃራኒ አቅጣጫ ይጓዛሉ፤ ነገር ግን በወራት ተላልፈው አይገናኙም። ቢራም፣ ቆርቆሮም፣ ሳሙናም ወደ ጎጃም ይመጣል፤ እሱ ግን የእህሉን ወቅት የሚያክል አይደለም።

ሊያገናኛቸው የሚችለው ምን እንደሆነ ገምቱ። መጋዘን ነው። ከእህሉ የተወሰነው ደጀን ወይ ደብረ ማርቆስ ላይ በደንብ ተከማችቶ እስከ ግንቦት ቢቆይ፣ ማዳበሪያ ያራገፈው መኪና ጤፍ ጭኖ ይመለሳል። በክረምቱ አፋፍ የእህል ዋጋ ከጥር ይልቅ ከፍ ስለሚል ገበሬውም ይጠቀማል። “እስከዚያ ምን ይበላል? ብድሩን በምን ይከፍላል?” ለዚህ የመጋዘን ደረሰኝ የሚባል ሥርዓት አለ። እህልህን አስቀምጠህ በደረሰኙ ዋስትና ብድር ትወስዳለህ። አገራችን ለዚህ አዋጅ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ አዋጅ ቁጥር 372። ለነቀዝም አየር የማያስገባ ከረጢት አለ። ሕጉም መሣሪያውም በእጃችን ነው፤ ከአረንጓዴ ዕቅዱ ጋር ግን ማንም አላጋባቸውም። መጋዘን “ግብርና” ነው፣ መኪና “ትራንስፖርት” ነው፣ ካርቦን “አካባቢ” ነው። ሦስቱ በየቢሯቸው ተቀምጠዋል።

ድንቹ ግን አይጠብቅም

ለጤፍ ያልኩት ለድንች አይሠራም። ከጮቄ ተራራ ግርጌ፣ ከሲናን የሚመጣው ድንች ከክብደቱ ከመቶ 80 የሚጠጋው ውሃ ነው። 80 ኩንታል ድንች የጫነ መኪና ከ60 ኩንታል በላይ ውሃ ዓባይን አሻግሮ ያወጣል። ዓባይን ራሱን!

መንገድ ላይ የበሰበሰ ድንች ደግሞ ከሁሉም የከፋ ጭነት ነው። አብሮት የሚጠፋው የተነዳው ናፍጣ ብቻ አይደለም። ማሳው ላይ የተበተነው ዩሪያ ከፊሉ ናይትረስ ኦክሳይድ ሆኖ ወደ አየር ወጥቷል። አንድ ኪሎው ከአንድ ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 270 እጥፍ ገደማ ያሞቃል። ያ ሁሉ የሆነው ማንም ላልበላው ምግብ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን ባለው ግጭት መንገድ በሚዘጋበት ቀን ጭነት ይዞ የቆመ መኪና ይህን ኪሳራ ከማንም በላይ ያውቀዋል። አንድ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ሊፈታው የሚችል ችግር አይደለም፤ ሳይጠቅሱት ማለፍ ግን ውሸት ይሆናል።

ለድንቹ የሚያዋጣው ጥላ ያለው ነፋሻ ማቆያ፣ በፍጥነት የሚደርስ መኪና፣ ሲቻል ደግሞ በማሳው አቅራቢያ ማቀነባበር ነው። ቡሬ ላይ የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተሠራበት ሐሳብም ይኸው ነው። ውሃውንና ገለባውን እዚሁ አስቀርቶ ዋናውን ብቻ መጫን።

እንግዲህ ባትሪው ይቅር?

አይቅር። የባትሪውን ጥናቴን አልተውኩም፤ ቁልቁለቱን ወደ መብራት የመለወጥ ነገር ዛሬም ያስደስተኛል። የተውኩት የኤሌክትሪክ መኪና ስለመጣ ብቻ ጭነታችን አረንጓዴ ይሆናል የሚለውን እምነት ነው። ጥናቴ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሬያለሁ፤ “ሲመለስ ምን ይዟል?” የሚል። ዕቅዱም ይህን ዓምድ ቢጨምር ነው የምመኘው። ስንት የኤሌክትሪክ መኪና ገባ ብሎ ከመቁጠር፣ አንድ ኩንታል እህል ሳይበላሽ ለማድረስ ስንት ጉልበት ፈጀ ብሎ ይቁጠር። ያኔ መጋዘኑም፣ የስልክ ቀጠሮውም፣ ማቆያውም፣ ባትሪውም በአንድ ሚዛን ላይ ይወጣሉ።

እናንተም መቁጠር ትችላላችሁ። ደብረ ማርቆስም ሁኑ ፍኖተ ሰላም፣ ከዋናው መንገድ ራቅ ያለ ደኅና ቦታ ላይ አንድ ሰዓት ተቀመጡ። የጫነ መኪና ባሌስትራው ይተኛል፣ ሸራው ይወጠራል፤ ባዶው እየዘለለና እየተንኳኳ ያልፋል። ወዴት እንደሚሄዱ ለይታችሁ ጻፉ። በጥር አንዴ፣ በግንቦት አንዴ ድገሙት። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ስታስቀምጡ የትኛው አቅጣጫ በየትኛው ወር ባዶ እንደሆነ ታዩታላችሁ፤ ይህን እኔ እስካሁን በአንድ ሠንጠረዥ ተጽፎ አላገኘሁትም።

አጎቴ ባለፈው ሲደውሉልኝ ስለ ባትሪው አልጠየቁኝም። እህል በረንዳ ነበሩ፤ ሁለተኛ ቀናቸው ነው። “አንተ እዚያ ዩኒቨርሲቲ ያለኸው” አሉኝ፣ “ወደ ማርቆስ የሚጫን ነገር ያለው ሰው አታውቅም?”